ስሙን የተነጠቀ ሽመና፦ የኩርድ ምንጣፍ፣ ክሊምና ከረጢት ለሚገዛ ሰው

በምንጣፍ ገበያ የኩርዶችን የእጅ ሥራ ማግኘት አይቸግርም፤ የሚቸግረው በስሙ ተጠርቶ ማግኘት ነው። በምዕራብ ኢራን በሶንቆር አካባቢ የሚኖሩ የኮልያይ ኩርዶች የሠሩት ምንጣፍ «ሐመዳን» እየተባለ ይሸጣል። ሐመዳን ግን የሠሪዎቹ አገር ሳትሆን ነጋዴ ዕቃውን የሚሰበስብባት የገበያ ከተማ ናት። በምሥራቅ ቱርክ ካሉት ከቫንና ከሐካሪ ተራሮች የወረደው ክሊም፣ ማለትም ፀጉር የሌለው ምንጣፍ፣ ደግሞ «የአናቶሊያ» ይባላል። ቱርክ ውስጥ የኩርድ ቋንቋ ከ1983 እስከ 1991 በሕግ ታግዶ ስለነበር፣ በዚያ ዘመን ክሊሙን በሠሪው ሕዝብ ስም የሚጠራ ነጋዴ አለመብዛቱ አያስገርምም። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁሉ የሚያሳዝነው የሰነህ ጉዳይ ነው። ሰነህ፣ ዛሬ ኢራን ውስጥ የኩርዲስታን አውራጃ ዋና ከተማ የሆነችው የሰነንደጅ የቆየ መጠሪያ ነው፤ ኩርዶች እስካሁን ሲኔ ይሏታል። አንዱን የድር ክር ጠምጥሞ በጎረቤቱ ሥር ሾልኮ የሚወጣውን ቋጠሮ የምንጣፍ ዓለም «የሰነህ ቋጠሮ» ብሎ ሰየመው። የሰነንደጅ ሴቶች ግን በዚያ ቋጠሮ አይሠሩም። እነሱ የሚያስሩት ሁለቱን የድር ክሮች እኩል የሚያቅፈውን፣ በገበያው «የቱርክ ቋጠሮ» የሚባለውን ነው። ከተማዋ በማትሠራበት ቋጠሮ ተጠራች፤ የምትሠራበት ደግሞ ለሌላ ሕዝብ ተሰጠ።

ስለዚህ የኩርድ ሥራ ሊገዛ የወጣ ሰው ወረቀቱን ትቶ ዕቃውን ይገልብጥ። የድሩ አቀማመጥ፣ የማጉ ብዛት፣ የጠርዙ አያያዝ፣ ጀርባው ሲዳሰስ የሚሰጠው ስሜት፣ እነዚህ ከየት እንደመጣ ይናገራሉ። ነጋዴ ስም ሊቀይር ይችላል፤ የታሰረ ቋጠሮ ፈትቶ እንደገና ሊያስር ግን አይችልም።

በመጀመሪያ የቢጃር ምንጣፍ። ለወለል ከሆነ ከዚህ የሚበልጥ የኩርድ ሥራ የለም። ቢጃር ከሰነንደጅ በስተሰሜን ምሥራቅ ያለች ደጋማ ከተማ ስትሆን አካባቢዋ ጌሩስ ይባላል። ነጋዴዎች ምንጣፏን «የፋርስ የብረት ምንጣፍ» ይሉታል፤ ቃሉ ለማሻሻጫ የተፈጠረ ቢመስልም አሠራሩን ላየ ሰው የተጋነነ አይደለም። ድሩ ሲዘረጋ ጎረቤታሞቹ ክሮች ጎን ለጎን አይተኙም፤ አንዱ ወደፊት ሌላው ወደኋላ ተገፍቶ እላይና እታች ይሆናሉ፤ በዚህ ምክንያት ምንጣፉ ሁለት ድርብ ያህል ይወፍራል። በእያንዳንዱ የቋጠሮ ረድፍ መካከል ብዙ ጊዜ 3 ማግ ይገባል፤ አንዱ ወፍራም፣ ሁለቱ ቀጫጭን። ማጉ የሚገባው ረጥቦ ነው። ከዚያ በከባድ የብረት ማበጠሪያ ይደበደባል፤ በድሮቹ መካከል ምስማር የመሰለ ብረት አስገብተው በመዶሻ የሚመቱም አሉ። የረጠበው ሱፍ በምቱ ይታመቃል፤ ሲደርቅ እንደታመቀ ይቀራል። የምንጣፉ ፀጉር ቦታ ስለሚያጣ ቀጥ ብሎ ይቆማል እንጂ አይተኛም። ቢጃር ላይ ለዓመታት ተረግጦም ፀጉሩ ያልተረመረመው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥንካሬው ግን ዋጋ ያስከፍላል። ቢጃር አይታጠፍም። እንደ ብርድ ልብስ አራት ላይ ያጠፉት እንደሆነ፣ የታመቀው ማግ የሚሸሽበት ቦታ ስለሌለው ድሩን ይቆርጠዋል። ስብራቱ ከፊት አይታይም፣ ፀጉሩ ይሸፍነዋል። ሻጩ ታጥፎ የተቀመጠ ቢጃር ካወጣ፣ ዘርግቶ ጀርባውን እንዲያሳይ ጠይቁት። በእጥፋቱ መስመር ላይ በሁለት እጅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ጎበጥ አድርጉት። ደረቅ ቅጠል እንደመርገጥ ያለ ድምፅ ከተሰማ ድሩ በስብሷል ወይም ተሰብሯል። እንዲህ ያለውን ምንም ያህል ቢያምር ተዉት፤ የአንድ ቦታ ቀዳዳ ይጠገናል፣ የደረቀ ድር ግን መርፌ በገባበት ሁሉ መሰበሩን ይቀጥላል።

ቋጠሮ የሚቆጥሩ ገዢዎች በቢጃር ላይ በብዛት ይሳሳታሉ። አቆጣጠሩ ይህ ነው፦ ጀርባው ላይ 10 ሳንቲሜትር በ10 ሳንቲሜትር ይለካል፤ በአግድም ስንት፣ በቁመት ስንት ቋጠሮ እንዳለ ተቆጥሮ ይባዛል። ድሩ ጎን ለጎን በሚተኛበት ሥራ፣ ለምሳሌ የጃፍ ጎሳ ዘላኖች በሚሠሩት ከረጢት፣ እያንዳንዱ ቋጠሮ ከጀርባ ሁለት እብጠት ሆኖ ይታያል። ስለዚህ በአግድም 60 እብጠት ከተቆጠረ ቋጠሮው 30 ነው፤ በቁመትም 30 ከሆነ 900 ይመጣል፣ በካሬ ሜትር 90,000 ማለት ነው። በቢጃር ግን ግማሹ ድር ወደ ውስጥ ስለተደበቀ ከጀርባ የሚታየው በአንድ ቋጠሮ አንድ እብጠት ብቻ ነው። እሱን ለሁለት ያካፈለ ገዢ በግማሽ ያሳንሰዋል፤ የጃፉን ሳያካፍል የቆጠረ ደግሞ እጥፍ ያደርገዋል። የቋጠሮውን ዓይነት ለማወቅ አንድ ረድፍ ከፊት በኩል በጣት ከፍታችሁ የቋጠሮውን አንገት ተመልከቱ፤ ክሩ ሁለቱን ድሮች አቅፎ ሁለቱ ጫፎቹ በመካከላቸው አብረው ከወጡ እኩል ቋጠሮ ነው። ለነገሩ የቢጃር ዋጋ በቋጠሮ ብዛት አይተመንም። በቋጠሮ ቁጥር ከበለጠው፣ ቃሻን ከምትባለው የኢራን ከተማ ከሚመጣው ምንጣፍ ይልቅ ቢጃር በሰው እግር ሥር ረዥም ዕድሜ አለው፣ ዕድሜውን የሚሰጠው ማጉ ስለሆነ።

በንድፍ በኩል በብዛት የሚታየው ሄራቲ ነው፦ በመካከል ጽጌረዳ፣ ዙሪያውን አራት ማዕዘን፣ ከጎኑ እንደ ዓሣ የታጠፉ አራት ቅጠሎች። ግን አንድ ትንሽ ዕቃ ካገኛችሁ ከትልቁ ምንጣፍ በፊት እሱን እዩ። «ዋጊረህ» ይባላል፤ ለሠሪዎች ናሙና እንዲሆን የተሠራ ቁራጭ ነው። ከጠርዙ አንድ ማዕዘን፣ ከመሐሉ አንድ አበባ፣ ከሌላ ድንበር ሩብ ያህል፣ ሁሉም ሳይጨረሱ በአንድ ላይ ታስረውበታል። ሸማኔዋ ከጎኗ ሰቅላው ቋጠሮውን እየቆጠረች ወደ ትልቁ ምንጣፍ ትገለብጣለች። ንድፍ በወረቀት ሳይሆን በሱፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የምናይበት ዕቃ ነው፣ በጌሩስ ደግሞ በብዛት ተሠርቷል። ያልጨረሰች ሴት ሥራ ነው ብሎ የሚያጣጥል ሻጭ ካጋጠመ ዝም ብሎ መግዛት ነው።

ዕድሜን በተመለከተ አንድ መለያ ብቻ እንስጥ። በ19ኛው መቶ ዘመን የተሠሩት ድራቸው ሱፍ ነው፣ በኋላ የመጡት በአመዛኙ ጥጥ። ዘርፉን፣ በምንጣፉ ጫፍ የሚንጠለጠለውን ክር፣ ይዛችሁ እዩ፤ ሱፉ ክሬም ወይም ቡናማ ሆኖ ይለሰልሳል፣ ጥጡ ነጣ ብሎ ይጠነክራል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሩስያና የኦቶማን ጦር ቢጃርን እየተፈራረቁ ያዙ፤ በ1918 ረሃብ ተከተለ፣ ከተማዋም ሕዝቧን አጣች። ከዚያ በፊት የተሠራ ምንጣፍ ዋጋው ሲወደድ የምትከፍሉት ለሱፉ ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ ብዙዎቹ ሠሪዎች ሙያቸውን ሳያስተምሩ አልፈዋል።

ከቢጃር ወደ ሰነንደጅ ስንመጣ ሁሉም ነገር ይቀጥናል። ሰነንደጅ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የአርደላን መሳፍንት መቀመጫ ነበረች፣ ግዛቱ እስከፈረሰበት እስከ 1860ዎቹ መጨረሻ ድረስ። የሰነንደጅ ሽመና የድንኳን ሳይሆን የቤተ መንግሥት ሽመና ነው። ምንጣፉ በረድፎቹ መካከል አንድ ማግ ብቻ አለው። ክሩ በጣም ከርሮ ስለተፈተለ ጀርባው ሲዳሰስ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ይህ ሻካራነት ከማንኛውም ንድፍ በላይ የሚታመን መለያ ነው፤ ዓይን ጨፍኖም ይታወቃል። በጣም ከበሩት መካከል ድራቸው ሐር የሆነ፣ ሐሩም በየስፋቱ ቀለሙን እየቀያየረ የተዘረጋ ይገኛል፤ ዘርፉ ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ተከታትሎ ይታያል። ዘርፉ ተቆርጦ በሌላ ከተተካ ይህ ምስክር ይጠፋል፣ ስለዚህ በዘርፉ ሥር ያለውን የመጨረሻ ረድፍ በማጉያ መነጽር እዩት።

የሰነንደጅ ክሊም ግን ለብቻው ነው። ክሊም ፀጉር የለውም፤ ድሩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነው ማጉ ነው። በሌሎች አገሮች ክሊም ንድፉ በደረጃ በደረጃ፣ በማዕዘን ይሄዳል፣ ማጉ ቀጥ ብሎ ስለሚተኛ። የሰነንደጇ ሴት ማጉን ቀጥ አድርጋ አትጥለውም፤ በቅጠሉ ዙሪያ ታጎብጠዋለች፣ እንደ ጣት አሻራ መስመር እየዞረ ይሄዳል። አንድ አበባ ላይ አፍንጫችሁ እስኪነካ ተጠጉና ክሮቹን ተከተሉ፦ ከግንዱ ሥር ተጨቅጭቀው ይነሳሉ፣ ቅጠሉ በሰፋበት ይከፈታሉ፣ ጫፉ ላይ እንደገና ይገጥማሉ። ሁለት ቀለሞች በሚለያዩበት ቀጥ ያለ መስመር ላይ ማጎቹ እያንዳንዳቸው ስለሚመለሱ ትንሽ ክፍተት ይቀራል። ክሊሙን ወደ ብርሃን አንሱት፤ በጥሩ ሥራ ላይ ክፍተቶቹ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያህል ናቸው። ጣት የሚያስገባ ከሆነ ወይ ተጎትቷል ወይ ሥራው ቸኩሏል።

ወለል ላይ አታንጥፉት። ሻጮች «ክሊም እኮ መረገጫ ነው» ይላሉ፤ ለሌላው እውነት ነው፣ ለዚህኛው ግን አይደለም። የወንበር እግር ክፍተቱን ይዞ ይቀደዋል፣ የጥጡ ድር ከወጣ በኋላ መመለሻ የለውም። የግድግዳ ዕቃ ነው። ሲሰቀል ደግሞ ድሩ ከላይ ወደ ታች እንዲሆን ይደረግ። ክፍተቶቹ ከድሩ ጋር ስለሚሄዱ፣ በአግድም የተሰቀለ ክሊም በራሱ ክብደት ክፍተቶቹን እየከፈተ ይወርዳል።

የጃፍ ከረጢት ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ብዙ ጊዜ መስጠት የሚገባውም እሱ ነው። ጃፎች ብርዱን ኢራቅ ውስጥ በሸህረዞርና በጋርሚያን ቆላ፣ ሙቀቱን ድንበር ተሻግረው በኢራን በኩል ባሉ ተራሮች የሚያሳልፉ ትልቅ የኩርድ ጎሳ ነበሩ። ኢራቅ ውስጥ ያለችውን የሐላብጃ ከተማን ገበያ ያሠሩት አዴላ ኻኑም ለጃፍ አለቃ ለዑስማን ፓሻ የተዳሩ የሰነንደጅ ልጅ ነበሩ፤ በ1924 አርፈዋል። ጎሳው ግን በአመዛኙ በድንኳን የሚኖር ነበርና ሳጥንም ቁም ሣጥንም የለውም። ቤቱ ሁሉ የሚገባው በከረጢት ነው፦ ልብስ፣ እህል፣ ዕቃ። በበቅሎ ወይም በፈረስ ላይ ግራና ቀኝ የሚንጠለጠለው ጥንድ ከረጢት በፋርስኛ ሖርጂን ይባላል፤ የአንዱ ፊት በአማካይ 60 በ60 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ከፊት ያለው ፀጉራም ነው፣ ከኋላ ያለው ደግሞ ፀጉር የሌለው ተራ ሽመና። ፀጉሩ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ከድንጋይና ከዛፍ ጋር የሚፋተገው የውጭው ፊት ስለሆነ ሸካራውን ይቀበላል፤ ለስላሳው ጀርባ ወደ እንስሳው ይዞራል።

ንድፉ በመንጠቆ የተከበበ አራት ማዕዘን ነው፣ ጫፉ ላይ የቆመ፣ በረድፍ የተደረደረ። አሁን ጀርባውን ገልብጡና የማዕዘኑን ሰያፍ መስመር ተከተሉ። በተለመደ አስተሳሰር ሰያፍ መስመር እንደ ደረጃ ይሰበራል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቋጠሮ ከታቹ ቋጠሮ ጋር በአንድ ጥንድ ድር ላይ ይቀመጣል። የጃፍ ሴት ግን በሚቀጥለው ረድፍ አንድ ድር ዘልላ ታስራለች፤ ቋጠሮው ከታች ካሉት የሁለቱ ግማሽ ግማሽ ላይ ያርፋል፣ እንደ ግንበኛ ጡብ። በዚህ ዘዴ መስመሩ ሳይሰበር ይወጣል። ይህ የተዛነፈ አስተሳሰር ያለበት፣ አራት ማዕዘን የተደረደረበት ከረጢት በማንም ስም ቢሸጥ የጃፍ ወይም የጎረቤቶቹ ኩርዶች ሥራ ነው ማለት ይቻላል። የአሁኖቹ አስመሳይ ሥራዎች ንድፉን ይኮርጃሉ፣ ዝላዩን ግን ይተዉታል፣ ሲሠራ ያዘገያልና።

መዝጊያውንም እዩ። በከረጢቱ አፍ ላይ በአንዱ በኩል ተርታ ክፍተቶች፣ በሌላው በኩል ከፍየል ፀጉር የተገመዱ ቀለበቶች አሉ። የመጀመሪያው ቀለበት በክፍተቱ ያልፋል፣ ሁለተኛው በመጀመሪያው ቀለበት ውስጥ፣ ሦስተኛው በሁለተኛው፤ እስከ ዳር ድረስ ሰንሰለት ይሆናል፣ የመጨረሻው ላይ ቁልፍ ይገባል። የፍየል ፀጉር የሚመረጠው ከበግ ሱፍ ይልቅ ጠንካራና ለእርጥበት የማይበገር ስለሆነ ነው። ነጋዴዎች ጀርባውንና መዝጊያውን ቆርጠው ፊቱን ብቻ እንደ ትንሽ ምንጣፍ ይሸጣሉ። ስለዚህ ሙሉው ከረጢት፣ ያረጀም ቢሆን፣ ከተቆረጠ ያማረ ፊት ይመረጣል። በተቆረጠው ላይ የላይኛው ጠርዝ በመርፌ ተጠቅልሎ ይገኛል፣ የክፍተቶቹም ርዝራዥ ሳይታይ አይቀርም።

አዲስ የጃፍ ከረጢት ለምን እንደማይገኝ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ከታሪኩ ያገኘዋል። ድንበሮቹ በ1920ዎቹ ሲጸኑ ጉዞው ጠበበ። በ1988 የካቲት እስከ መስከረም በተካሄደው የአንፋል ዘመቻ የኢራቅ መንግሥት በገጠር ኩርዲስታን ላይ ዘመተ፣ መጋቢት 16 ቀን ሐላብጃ በመርዝ ጋዝ ተደብድባ 5,000 ያህል ሰው አለቀ። በዚያ ዘመን መንደሮች በሺዎች ፈረሱ፣ የተረፈው ሰው «ሙጀመዓ» ወደሚባሉ የሰፈራ ከተሞች ተጋዘ። በአስፋልት ዳር የሲሚንቶ ቤት የተሰጠው ዘላን ከብት የለውም፤ ከብት የሌለው ሰው የጭነት ከረጢት አይሠራም።

የሄርኪንና የሰሜኖቹን ክሊም ባጭሩ እንለፍ። ሄርኪዎች በዛሬዎቹ ኢራቅ፣ ቱርክና ኢራን መካከል ይመላለሱ የነበሩ የኩርድ ዘላኖች ናቸው። መሬት ላይ በካስማ የሚዘረጋው መሸመኛቸው ጠባብ ስለሆነ ሰፊ ክሊም በሁለት ግማሽ ተሠርቶ መሐሉ ይሰፋል። ሁለቱ ግማሾች በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ የምት ጉልበት ስለሚሠሩ ንድፉ መስፊያው ላይ በአንድ ወይ በሁለት ጣት ያህል ይዛነፋል። ይህ ጉድለት ሳይሆን ምስክር ነው። መጠንቀቅ ያለባችሁ ከሌላ ነገር ነው፦ ስፌቱን ፈትተው ሁለቱን ግማሽ ለየብቻ «የኮሪደር ክሊም» አድርገው የሚሸጡ አሉ። በአንድ ጎኑ ድንበር ኖሮት በሌላው ጎኑ ንድፉ በድንገት የተቆረጠ ረዥም ክሊም ካያችሁ ወንድሙ የት እንዳለ ጠይቁ። ጠባብ አንገት ያለው የጨው ከረጢት ደግሞ አንገቱ ሲታጠፍ ፍየል አፏን እንዳታስገባ የተሠራ ነው፤ አሮጌ ከሆነ ውስጡ የቀረው ጨው ከአየር እርጥበት እየሳበ ሱፉን ያበሰብሳል። ቀለሙ እንደማይለቅ ካረጋገጣችሁ በኋላ ጨዉ እስኪወጣ በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግማችሁ ንከሩት።

ወደ ቀለም እንምጣ፣ ማታለል የሚበዛው እዚያ ላይ ነውና። የቆየው የኩርድ ቀይ ሩናስ ከሚባል ተክል ሥር ይወጣል፣ ሰማያዊው ከኢንዲጎ፣ ቡናማው ከዋልነት ልጣጭ፣ ቢጫው ከሮማን ልጣጭና ከዱር አበቦች። ሱፉ አስቀድሞ አሉም በሚባል ማዕድን ውኃ ይቀቀላል፣ ያለሱ ቀለሙ አይይዝም። ጥቁርና ጠቆር ያለ ቡናማ ለማውጣት ብረት ይጨመራል፤ ብረት ደግሞ ሱፉን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ስለዚህ በአሮጌ ምንጣፍ ላይ ጥቁሩ ዝቅ ብሎ፣ ሌላው ቀለም እንደ ቅርጽ ከፍ ብሎ ይታያል። ይህን ለማስመሰል ጥቁሩን በመቀስ የሚከረክሙ አሉ። ልዩነቱ በጣት ይታወቃል፦ ብረት የበላው ወጣ ገባ ነው፣ በየቦታው ሥሩ ድረስ አልቋል፤ መቀስ የከረከመው እኩል ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የፋብሪካ ቀለም ገባ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ፉክሲን፣ ደማቅ ወይን ጠጅ ሲሆን በብርሃን ወደ ግራጫ ይለወጣል። ፀጉሩን ከፍታችሁ ሥሩን እዩ፤ ጫፉ ግራጫ፣ ሥሩ ወይን ጠጅ ከሆነ እሱ ነው። ይህ ዕቃውን ሐሰተኛ አያደርገውም፣ ዋጋውን ግን ይቀንሳል። የሚያስፈራው ቀለም የሚለቅ ነው። ነጭ የጥጥ ጨርቅ በውኃ አርጥባችሁ በቀዩ ላይ ለ30 ሴኮንድ ተጫኑት፤ ጨርቁ ከቀላ ምንጣፉ አንድ ቀን ሲታጠብ ነጩን ሁሉ ያበላሻል። በመሐሉ ወለል ላይ ቀለሙ በአግድም ድንገት ፈዘዝ ወይም ደመቅ ማለቱ ግን ስህተት አይደለም። አብራሽ ይባላል፤ በትንሽ ድስት የተነከረ ክር አልቆ ሌላ ሲነከር የሚመጣ ነው። በሻይ ነክረው ያረጀ የሚያስመስሉም አሉ፤ ጀርባው ከፊቱ እኩል ቡና ዓይነት ከሆነና ነጩ ሥሩ ድረስ ከጠቆረ ይህን ጠርጥሩ። ፀሐይና እግር ፊቱን እንጂ ጀርባውን አያስረጁም።

የማሽን ሥራ ከሆነ ከዘርፉ ይጀመር። በእጅ ሥራ ዘርፉ የድሩ መጨረሻ ነው፤ የማሽኑ ብዙ ጊዜ ከኋላ የተሰፋ ነው። ሻጩ ከፈቀደ ከዘርፉ ሳይሆን ከፀጉሩ አንድ ክር ወስዳችሁ በክብሪት አቃጥሉ። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም ሲነካ ይፈርሳል። ፕላስቲክ ከሆነ ቀልጦ ጠጣር ዶቃ ይሆናል።

ዓይንን ለማሠልጠን ከገበያው በፊት ኤርቢል፣ ኩርዶች ሐውሌር የሚሏት የኢራቅ ከተማ፣ ግንቧ ላይ መውጣት ይሻላል። ግንቡ 30 ሜትር ገደማ በሚደርስ ጉብታ ላይ ተቀምጧል፣ ከ2014 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ነው። እዚያ ካሉት አሮጌ ታላላቅ ቤቶች በአንዱ የኩርድ ጨርቃ ጨርቅ ሙዚየም አለ፣ በ2004 የተከፈተ። ከሱቅ የሚበልጥበት ምክንያት ከረጢቱም ክሊሙም የቤት ዕቃ ሆኖ፣ ከሌላው የዘላን ዕቃ ጋር መታየቱ ነው። እዚያ አንድ ሰዓት ቆይቶ ከግንቡ ሥር ወዳለው የቀይሰሪ ገበያ የወረደ ሰው በቀላሉ አይታለልም። ሰነንደጅና ቢጃር የሚሄዱ ደግሞ ዋጋ ሲጠየቅ በሪያል ይሁን በቶማን አስቀድመው ያጣሩ፤ 1 ቶማን 10 ሪያል ነው፣ ሰው በአፍ የሚጠራው ቶማኑን ነው። ወደ አሜሪካ ለመውሰድ ያሰበ ከኢራን የወጣ ምንጣፍ ከነሐሴ 2018 ጀምሮ ማስገባት እንደተከለከለ ይወቅ። ኢራቅ ውስጥ ከተገዛም የትውልድ ቦታው የሚጻፍበት ደረሰኝ ያስፈልጋል፤ አጥብቃችሁ «ቢጃር»፣ «ሰነንደጅ»፣ «ጃፍ» ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቁ፣ ስሙ የሚመለሰው እንዲህ በአንድ በአንድ ወረቀት ነውና።

ቤት ከገባ በኋላ ትልቁ ጠላት ብል ነው። የሚበላው ጨለማና ጸጥታ ባለበት ነው፦ ከአልጋ ሥር፣ ከከባድ ቁም ሣጥን ሥር፣ ከተሰቀለ ክሊም ጀርባ። በየ3 ወሩ ገልብጣችሁ ጀርባውን ጥረጉ፤ በመጥረጊያ ማሽን ሲሆን የሚሽከረከር ብሩሹ ይጥፋ፣ ዘርፉም አይነካ። ብል ከገባ ትንሽ ክሊምና ከረጢት በፕላስቲክ ታሽጎ ከ−18 ዲግሪ በታች ማቀዝቀዣ ውስጥ 2 ሳምንት ይቆይ። ከወጣ በኋላ ፕላስቲኩን ለ24 ሰዓት አትክፈቱ፤ ቀዝቃዛው ሱፍ ሞቃት አየር ካገኘው ጤዛ ይይዛል፣ ጤዛው ደግሞ ሻጋታ ያመጣል። ትልቅ ቢጃር በቤት ውስጥ አይታጠብም፤ በታመቀው ማግ ውስጥ የገባ ውኃ ለቀናት አይወጣምና ድሩን ከውስጥ ያበሰብሳል። ለማስቀመጥ ሲጠቀለል ፀጉሩ ወደ ውጭ፣ ቢያንስ 10 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ቱቦ ላይ ይሁን። ፀጉሩ ወደ ውስጥ ከሆነ የሚወጠረው ጀርባው ነው፣ ቢጃር ደግሞ የሚሰበረው ከጀርባው በኩል ነው።